አማት በር ላይ

ማኮካ ሃያ ስድስት ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቶ፣ ቤቱ ሲዘጋ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ኮምፒውተር ልማር ብሎ ተነሣ። የድሮ ባልደረቦቹ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል፣ አንተ ለቀቅክ?» እያሉ ሣቁበት። ሁለቴ ተፈትኖ ሁለቴ ወደቀ። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ካለፈ ሥራ ይጠብቀዋል፣ ከወደቀ ግን እሱን የሚያክል ጀማሪ ማን ይቀጥራል?

ፈተናው ከቤት ነው። የኮምፒውተሩ ካሜራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያፈጥጥበታል፤ ከወንበሩ ቢነሣ፣ ቢናገር፣ ወይ ሌላ ሰው ቢታይ ፈተናው ይዘጋል። ሚስቱ ናፉላ ልጆቹን ይዛ ወጣችለት። ካዋንግዋሬ ሰፈር ውስጥ ያለች አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት እንደ ምድጃ ስለምትግል፣ በሩን ገርበብ አድርጋለት ሄደች።

አሥር ጥያቄ ሲቀረው ከደጅ «ሆዲ! ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማ። ክው አለ። ድምፁን ለየው፤ ሳይታሰብ ከቡንጎማ ድረስ በአውቶቡስ የመጡት አማቱ ናቸው። በጎሣው፣ በቡኩሱ ባህል ደግሞ ወንድ ከአማቱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አይገኝም፤ መንገድ ላይ እንኳ ቢያያቸው ጥሻ ይገባል። ማኮካ በሃያ አራት ዓመት ትዳሩ ፊታቸውን በቅጡ አይቶት አያውቅም።

«ይግቡ እንጂ እማማ!» አለች ጎረቤቲቱ ዋይሪሙ። «ሰው አለ፣ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንኳኳ ይሰማኛል።»

«ማነው? ናፉላ ናት?»

«ታዲያ ማን ይሆናል? ያ ሽማግሌ ተማሪ እንደሆነ ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ ይሄዳል!»

አንዲት «እኔ ነኝ» ትበቃ ነበር። ማኮካ ከንፈሩን ነክሶ ዋጣት። ለማሳል እንኳ ፈራ። ተነሥቶ እንዳይሸሽ ወንበሩ ያዘው፣ ደግሞም መውጫው ያው አንድ በር ነው። አይግቡ፣ ወይኔ እናቴ፣ አይግቡ እያለ በሆዱ ለመነ።

በሩ ሲጢጥ አለ። አሮጊቷ የአማቻቸውን ጀርባ ሲያዩ ጮኸው፣ ይዘዋት የመጡትን ዶሮ ለቀው፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ለመመለስ ሲዞሩ ደፉ አደናቀፋቸውና እዚያው ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቁጭ አሉ።

ኮምፒውተሩ «ሌላ ሰው ታይቷል፤ ፈተናው ተዘግቷል» ብሎ ጠቆረ። ማኮካ ከሁለት ያጣ ሆነ፤ ክብሩን ሰውቶ የተቀመጠበት ወንበር እንኳ ምንም አልፈየደለትም። እንባው መጣ፤ ግን ደፉን ዘግተውታልና ወጥቶ የሚያለቅስበት የለውም።

«አንቺ ልጅ፣ ንገሪልኝ» አሉ አሮጊቷ ለዋይሪሙ። «ይቅር ይበለኝ፤ መኖሩን አላወቅሁም። ናፉላ ፈተና አለበት ብላኝ፣ ከደጅ ሆኜ ልመርቀው ነው የመጣሁት። መቼ ነው በይው?»

ዋይሪሙ በመስኮት አንገቷን አስገባች። «ፈተናህ መቼ ነው ይላሉ?»

ማኮካ የጠቆረውን ኮምፒውተር ቀስ ብሎ ከደነ።

«ነገ ነው በያቸው» አለ።

አሮጊቷም እዚያው ደፉ ላይ እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ።