የሚቋረጥ ትንፋሽ

"ትንሽ ብቻ ይክፈቱልኝ መምህርት፤ ጫፉ ካልገባ አያነሳም።"

ገነቴ አፏን ለመክፈት ስትታገል ጆሮዋ ሥር ቀጭ አለና ዓይኗ እንባ አቀረረ። የጥርስ ሐኪሟ ሊዲያ ጉንጯን አሸት አሸት አድርጋ እስኪላላ ጠበቀችና የስካነሩን ጫፍ ቀስ ብላ አስገባች። የገነቴ ጥርሶች ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ እየተሳሉ ወጡ። የመንጋጋ ጥርሶቿ አናት በሞረድ የተሞረደ ይመስላል።

"ሌሊት ጥርስዎን ያፋጫሉ። እንቅልፍዎ እንዴት ነው?"

"እኔ መች እተኛለሁ? ባለቤቴን ሳዳምጥ ነው የሚነጋው።" ገነቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ያንኮራፋል፤ ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል። ትንፋሹ ይቆማል። እስክነቀንቀው ድረስ አይመለስም።"

ሊዲያ ጓንቷን ማውለቅ ጀምራ ተወችው።

"ሥራቸው ምንድን ነው?"

"ሾፌር ነው። ከሆሳዕና ሆመቾ ሚኒባስ ይነዳል። ውጭ እየጠበቀኝ ነው።"

"ይጥሯቸው።"

ሳህሉ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደ ለጠፈ ገባ። መናኸሪያ ተራው ደርሶ ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተለምኖ ነው። ሊዲያ የእሱንም ጥርስ አነሳችና ስክሪኑን አዞረችለት።

"የታችኛው መንጋጋዎ ወደ ኋላ የገባ ነው፤ ያዩታል? ሲተኙ ምላስዎ ተንሸራቶ የአየር መተላለፊያውን ሊዘጋው ይችላል። ይኼ ምስል ብቻውን አያረጋግጥም፤ አዲስ አበባ ሄደው የእንቅልፍ ምርመራ ያድርጉ። ከተረጋገጠ በዚሁ ልኬት ማታ ማታ አፍዎ ውስጥ አድርገው የሚተኙበት፣ መንጋጋዎን ወደ ፊት የሚይዝ ነገር እናሠራለን። እስከዚያ ግን መሪ አይያዙ።"

ሳህሉ ሳቀ። "ስላንኮራፋሁ? አባቴም ያንኮራፋ ነበር።"

"ሲነዱ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎዎት አያውቅም?"

"በጭራሽ!"

"ስፖኪዮው እንዴት ተሰበረ?" አለች ገነቴ።

"ነገርኩሽ እኮ፤ ጋሪ ገጭቶት ነው።"

"የት ጋ?"

ሳህሉ ተነሥቶ ጃኬቱን አነሣ።

"መኪናው የረሻድ ነው። ይኼን ቢሰማ ነገውኑ ሌላ ሾፌር ያስቀምጣል። ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ፣" ብሎ በሩን ከኋላው ዘጋ።

ገነቴ መናኸሪያ ስትደርስ ሚኒባሱ ሞልቷል። ሳህሉ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃታል፤ ዓይኖቹ ደም መስለዋል። አጠገቡ ያለው ቦታ ለእሷ ተይዟል። ሰሞኑን አብራው ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ስታወራው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለራሷ እንኳ ነግራ አታውቅም። ሰኞ እሷ ክፍል ስትገባ ማን ያወራዋል?

"መምህርት፣ ይግቡ እንጂ! ዝናብ ሊመጣ ነው!" አለቻት ጎረቤቷ አሰገደች፤ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታለች።

ገነቴ አልገባችም። ሳህሉ በመስኮቱ በኩል ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

"እባክሽ ገነቴ፣ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ።"

አሳዘናት። ረሻድ ነገሩን ሲሰማ የሚሆነውም ታያት። ቢሆንም ዞራ የኋላውን በር ጎትታ ከፈተች።

"ውረዱ፣" አለች። "ሳህሉ አሞታል። ሌላ መኪና ያዙ።"

ማንም አልተነቃነቀም። ሁሉም ወደ ሳህሉ ዞሩ።

"እውነት ነው እንዴ? ምንህን ነው ያመመህ?" አለችው አሰገደች።

ሳህሉ በመስተዋቱ የተኛውን ልጅ አየና ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ከሁሉም ቀድሞ ወረደና ረሻድ ጋ ደወለ።