ለጦጣ ሦስት ጉርሻ

ሐጃ መዲና የልጃቸውን ባል፣ ተውፊቅን፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሁለተኛ ጉርሻ አጉርሰውት አያውቁም። አንድ ግን አይነፍጉትም። ለኢድ አንድ፣ ለአረፋ አንድ፣ ልጅ የተወለደች ጊዜም አንድ። አጉርሰውት ፊታቸውን ዞር ያደርጋሉ። አንድ ጉርሻ እንደሚያጣላ ደግሞ ወሎ ውስጥ ጡት የሚጠባ ሕፃንም ያውቃል! ለጎረቤት ሁለት፣ ለእንግዳ ሦስት የሚያጎርሱ ሴት፣ አማቻቸው ላይ ሲደርሱ አንድ ብለው ካቆሙ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማንም አይጠፋም።

ነገሩ የተበላሸው ገና ሽማግሌ የተላከ ዕለት ነው። "ሥራው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ ሐጃ። "ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሱቅ አለው፤ ሰሌዳ ይጽፋል፣ ሥዕልም ይሥላል" ተባሉ። "ሥዕል ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው? ልጄን ቀለም ሊያበላት ነው?" አሉ። ልጅቱ ሳሊሃ እንቢ አለቻቸውና አገባችው። ከዚያ ወዲህ ተውፊቅ ስንት ሆቴል፣ ስንት ፋርማሲ፣ ስንት ጸጉር ቤት በቀለም ሲያስጌጥ ኖረ፤ ሐጃ ግን በሥራው ሥር ሲያልፉ ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

በዚህ እሑድ ግን ተውፊቅ ተስፋ አድርጓል። ከወር በፊት የወጣቶች ማኅበር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው በሐረጎ ተራራ መንገድ ላይ፣ ሰው ተራራ ለማየት መኪና የሚያቆምበት ጥግ፣ ትልቅ ሰሌዳ አሠርቶት ነበር። የአካባቢውን ጦጣዎች ሰው እየመገበ ስላበላሻቸው "እንስሳትን አትመግቡ" የሚል ነው። ተውፊቅ አንዲት ጦጣ አፏን ከፍታ፣ አንድ እጅ ሲያጎርሳት ሣለ። እጁ የሐጃ ነው! አረንጓዴ ድንጋይ ያለው የብር ቀለበታቸው፣ የተጣመመች ትንሿ ጣታቸው፣ ሒናው ሳይቀር አለ። በዚህ ምድር ላይ እንደ እሳቸው የሚያጎርስ እጅ ስለሌለ ሌላ መሣል አልሆነለትም። ለሚስቱም አልተናገረም። አማቱን ወስዶ ሊያሳያቸው፣ ምናልባትም በሚቀጥለው አረፋ ሁለተኛውን ጉርሻ ሊያገኝ ነው ሐሳቡ።

ስለዚህ ከሰፈራቸው ከቧንቧ ውሃ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሐጃ የዶሮ ወጥ በእንጀራ ያጨቁበትን አገልግል ጭናቸው ላይ አቅፈዋል። የስምንት ዓመቷ ልጁ ሱዓድ መስኮት ይዛለች። ተውፊቅ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዟል፤ ሰሌዳው ግርጌ ስልክ ቁጥሩን ሊጽፍ።

ሐረጎን ያወቀ ያውቀዋል። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ደመናው ከእግር በታች ይቀራል፣ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ጣሪያ ከገደሉ ሥር ብልጭ ድርግም ይላል። ሐጃ በየመታጠፊያው "ያ ረቢ! ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ሰው ነው የጫንከው!" ይላሉ፤ ሹፌሩም "አብሽሩ ሐጃ" እያለ ይባስ ይነዳል።

ሲወርዱ ጥጉ እንደ ሠርግ ቤት ደምቋል። መኪና ተደርድሯል፣ ሙዚቃ ይጮኻል፣ ቁጥቋጦው ሁሉ ፌስታል አንጠልጥሏል። ጦጣዎቹ የመንገዱ አጥር ላይ ተሰልፈው መኪና በገባ ቁጥር ቀና ይላሉ።

ሐጃ ሰሌዳው ፊት ቆሙ። መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል፤ ጽሑፉ ባይታያቸውም ሥዕሉ ግን ግድግዳ ያክላል።

"ይቺ ቀለበት የኔ አይደለችም እንዴ?" አሉ።

"የእርስዎ ናት ሐጃ" አለ ተውፊቅ።

"ጣቴ! የተጣመመችዋ ጣቴ! አንተ ነህ የሣልከው?"

"እኔ ነኝ።"

"ማሻአላህ!" አሉ ሐጃ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "ማሻአላህ፣ ተባረከላህ! እጄን እንዲህ ብሎ ያየኝ ሰው የለም!"

ተውፊቅ እንባው መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቃት ማሻአላህ ናት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሰውየውን ብወደውም ጥፋቱን አልደብቅለትም። ማኅበሩ ያዘዘው ሥዕሉ ከጥግ እስከ ጥግ በወፍራም ቀይ መስመር እንዲሰረዝ ነበር። ተውፊቅ ግን ያንን እጅ ሦስት ቀን ሙሉ ሥሎ መሰረዝ አልሆንልህ አለውና መስመሩን እንደ ክር አቅጥኖ በዳር በኩል አሳለፈው። ጽሑፉንም ሥዕሉን እንዳይሸፍንበት ታች ወሸቀው። ስለዚህ ያየው ሰው ሁሉ የሚገባው፦ ኑ፣ ጦጣ አጉርሱ!

ሐጃም እንደዚያው ገባቸው። "እንግዳ ተቀበሉ ማለቱ ነዋ! ደግ ነገር!" ብለው አገልግሉን ፈቱ።

ሳሊሃ ባሏን ቆነጠጠችው። "ንገራት እንጂ!"

"ቆይ፣ ማሻአላህዋን ላጣጥማት" አለ ተውፊቅ።

ሐጃ አንዲት ልጅ ያዘለች ጦጣ ጠሩና አጎረሷት። "ይኸው አንድ። አንድ ያጣላል" ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉ። "በሞቴ፣ እንቺ!" ሁለት። "ልጅ የምታጠባ አይደለሽ፣ አፈር ስሆን!" ሦስት።

ተውፊቅ ቆጠረ። ማሻአላህዋ ጉሮሮው ላይ ቀረች። እኔ ጭራ ስለሌለኝ ይሆን? አለ በልቡ። ሱዓድ ደግሞ ጮክ ብላ፣ "አባዬ፣ ላንተ ግን አንድ ብቻ ነው አይደል የምትሰጥህ?" ብላ ጨረሰችው።

በዚህ መሃል የቦታው ዘበኛ ሰይድ ዱላውን እያወዛወዘ መጣ። "እናቴ ይተዉ! ይተዉ በአላህ! አይመግቡ!"

"ሰሌዳው አጉርሱ ይላል!" አሉ ሐጃ።

"ይሄ ሰሌዳ ነው የፈጀን! ከተተከለ ወዲህ ሰው ሁሉ እንደ ሥዕሉ እያጎረሰ ፎቶ ይነሳል። ጦጣዎቹ የዱር ፍሬ መልቀም ትተዋል። ብስኩት ከየትኛው ኪስ እንዳለ ከኔ በላይ ያውቃሉ። የሣለውን ሰው ባገኘሁት!"

"ይኸውልህ!" አሉ ሐጃ ደረታቸውን ነፍተው፣ ተውፊቅን በጣታቸው እያሳዩ። "አማቼ ነው!"

አማቼ ብለው በሰው ፊት ሲጠሩት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ወላሂ፣ መጥፎ ሰዓት መረጡ! ተውፊቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ሰይድ ገና አፉን ሳይከፍት አንድ ግዙፍ ወንድ ጦጣ አገልግሉ ውስጥ ዘሎ ገባ። ሌሎቹ ተከተሉት። ሐጃ "ኧረ በሕግ አምላክ!" እያሉ በጫማቸው ሲከላከሉ፣ አንዱ የዶሮ ብልት ይዞ አጥር ላይ ወጣ፤ በርበሬው ሲያቃጥለው ከአንድ ወጣት እጅ ለስላሳ ነጠቀና ክዳኑን ራሱ ከፍቶ ጠጣ። ወጣቱ በስልኩ ለመቅረጽ እንጂ ለመናደድ ጊዜ አልነበረውም።

ያን ጊዜ ነው የጭነት መኪና ፍሬን ሲጮኽ የተሰማው። ያቺ ሦስት የጎረሰች ጦጣ ልጇን እንዳዘለች አስፋልቱ መሃል ገብታ፣ ከኮምቦልቻ ለሚወጣው መኪና እጇን ዘርግታለች። መኪናው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሙዚቃው ሳይቀር ጠፋ።

"በዚህ ወር ሁለት ጦጣ ገጭተውብኛል" አለ ሰይድ። "እዚያ ወይራ ሥር የቀበርኳቸው እኔ ነኝ።"

ሐጃ ባዶ አገልግላቸው አጠገብ ቁጭ አሉ። ሰሌዳውን አዩ፣ ጦጣዋን አዩ፣ እጃቸውን አገላብጠው አዩ።

"ይሄ ጽሑፍ ምንድን ነው የሚለው?" ብለው አማቻቸውን ጠየቁት።

ተውፊቅ ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻለም። "እንስሳትን አትመግቡ ነው የሚለው፣ ሐጃ። መስመሩም ወፍራም መሆን ነበረበት። እጅዎን መሰረዝ አልሆንልህ ብሎኝ አቀጠንኩት። ሲያጎርሱ ዝም ያልኩዎትም ማሻአላህ ስላሉኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሐጃ ቆርቆሮዋን በጣታቸው አሳዩ። "ያ ቀይ ቀለም ለምንድን ነው?"

"ስልክ ቁጥሬን ልጽፍ ነበር።"

"ለመስመርም ለስልክም ይበቃል?"

"አይበቃም።"

"እንግዲያው እጄን ሰርዘው።"

"ሐጃ! የአማቱን እጅ የሰረዘ ተብዬ ደሴ በምን ዓይኔ እገባለሁ?"

"ኮምቦልቻ ውረዳ! ሰርዝ ብያለሁ!"

ተውፊቅ ድንጋይ ላይ ወጣ።  ከጦጣዋ ጭራ ጀምሮ ቀለበቷ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ወፈር አድርገው!" ጮኹ ሐጃ ከታች። "እጅ ነው እንጂ አንገቴ አይደለም!"

ዓይኑን ጨፍኖ ጎተተው። ቀዩ መስመር የሦስት ቀን ሥራውን ከጥግ እስከ ጥግ በላው። ሲወርድ ግማሹ ቀለም እሱ ጆሮ ላይ ነበር። ብስኩቷን ወደ ጦጣ የዘረጋች አንዲት ሴትዮ ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችና እጇን ሰበሰበች። ጦጣዋ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ልጇን ይዛ ወደ ጫካው ገባች።

ሁሉም ርቧቸዋል። አገልግሉ ሥር የተረፈው፣ ጦጣ ያልደረሰበት፣ ወጥ የጠጣ እንጀራ ብቻ ነው። ሐጃ እጃቸውን ታጥበው ጠቀለሉት። ሱዓድ አፏን ከፈተች። እጁ ግን አለፋትና ተውፊቅ ጋ ደረሰ።

"እንካ።"

ጎረሰ። እንደ ልማዱ ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠበቀ። ሐጃ አላዞሩም። አገልግሉን አገላብጠው ጠረጉና የቀረችውን ቁራሽ ጠቀለሉ።

"አፍህን ክፈት፣ ምን ታፈጣለህ? አንድ ያጣላል።"

ተውፊቅ ሁለተኛውን ጎረሰ። እንባው ወረደ፤ በርበሬው ነው አለ፣ ማንም አላመነውም።

"ሦስተኛውስ?" አለች ሱዓድ።

"ሦስተኛውን" አሉ ሐጃ፣ አገልግላቸውን እየከደኑ፣ "ጫካ የገባችው እህቱ በልታበታለች።"