ሂድ ያለችው አያት

ይቺ ልጅ ኬፕታውን ላይ ቢያማት ማን ውሃ ያቀምሳታል? እማማ ራዚያ ይህን ከራሳቸው ጋር ሲሟገቱ ሰነበቱ። የልጅ ልጃቸው ዩስራ ሥዕል ልትማር ልትሄድ ነው። እናቷ አሌክሳንድራ ሱቅ ስትውል፣ እዚህ ቤሪያ ሰፈር ባለችው ጠባብ የፎቅ ቤት ውስጥ አዝለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ዛሬም ትንሽ ከዘገየች ደረጃው ላይ ወጥተው ይቆማሉ።

ሊከለክሏት አልቻሉም። አንድ ነገር ግን በእጃቸው ነበር፤ ዱዓ። በነሱ ቤት ሰው ሳይመረቅ መንገድ አይወጣም። ስለዚህ ዩስራ ልትመረቅ በቀረበች ቁጥር አንዴ ጉልበቴን፣ አንዴ ራሴን እያሉ ሲያሳልፏት ከረሙ።

አሁን ሻንጣው በር ላይ ቆሟል። ዩስራ ስለ ዱዓ አላነሳችም። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስልኳ ላይ አንድ ሥዕል አሳየቻቸው፤ ሴቶች አጎንብሰው ቃርሚያ ይለቅማሉ። ሚሌ የሚባል ፈረንሳዊ የሳለው ነው፣ ከሞተ ቆይቷል አለች። እማማ ራዚያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና፣ የወገብን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው አሉ። ዩስራም የገበሬ ልጅ መሆኑን፣ አያቱ እንዳሳደገችው፣ አባቱ ሲሞት ትምህርቱን ትቶ እርሻውን ሊይዝ እንደተመለሰ ነገረቻቸው። ሂድ፣ ሥዕልህን ተማር ያለችው አያቱ ናት።

“የዋህ ናት” አሉ እማማ ራዚያ። “ኋላስ? ተመልሶ መጥቶ አገኛት?”

ዩስራ ስልኩን አጠፋች። “ስትሞት አጠገቧ አልነበረም፣ እማ። አልደረሰላትም።”

ብትዋሻቸው በወደዱ። ይህን እያወቅሽ ነው የምትሄጂው ብለው ሊቆጧት ዞር ሲሉ፣ የልጅቷ ዓይን ሞልቷል። ያቺ የሠዓሊው አያት ዳግም እንደማታየው ሳትጠረጥር ቀርታ ይሆን? እንዴት ሳትጠረጥር! ጠርጥራም ሂድ ብላዋለች።

“ነይ፣ ጎንበስ በይ” አሉ። “እኔ እንደሷ ጨዋ አይደለሁም። ለኢድ ካልመጣሽ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣብሻለሁ።”

ዩስራ እያለቀሰች ሳቀች። እማማ ራዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው መንገዱን፣ የባሕሩን ነፋስ፣ ጉንፋኑን፣ ሌባውን፣ ያልበሰለውን ሥጋ ሳይቀር እየጠሩ ለአላህ አስረከቧት። ከአሚን በኋላ ወሬ አይጨመርም፤ የተመረቀ ሰው ምርቃቱን እንዳይበትን አፉን ዘግቶ ነው የሚወጣው።

ዩስራ ፊቷን በመዳፏ አበሰች፤ ጉልበታቸውን ስማ ሻንጣዋን አነሳችና ወጣች።