ሰአዳ ቀን ስትመርጥ

ሰአዳ የማትንቀው ነገር ቢሰበሰብ በመሀረብ ጫፍ ይቋጠራል ይላሉ የመርካቶ ሰባተኛ ነጋዴዎች። እሷም ሰምታለች፤ ባዮቹንም ንቃ ትታቸዋለች። ብርድ ልብስ በጅምላ ታከፋፍላለች። ሲከራከር ድምፁን ከፍ የሚያደርገውን ደንበኛ ትንቃለች፤ ሳይከራከር የሚገዛውን ደግሞ የባሰ ትንቃለች። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን ሰው ሁሉ በሚሮጥበት ቀን አብሮ የሚሮጠውን ነው። «ብርድ ልብስ የሚገዛው በፀሐይ ነው» ትላለች። በሚያዝያ ሐሩር፣ ሰው ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ሲሄድ፣ እሷ ቦንዳ ታስወርዳለች። የጥቅምት ብርድ መጥቶ ጎረቤቶቿ ዕቃ ፍለጋ ሲራወጡ፣ እሷ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ትፍቃለች። ይህ ብልሃት አንድም ቀን አሳፍሯት አያውቅም። ችግሩም ይኸው ነው፤ አሳፍሮት የማያውቅ ብልሃት ያለው ሰው ለማይሆን ነገር ሁሉ ያውለዋል።

ነገሩ የተጀመረው ነሐሴ ውስጥ ነው። ባሏ ባህረዲን ቡኒውን ብርድ ልብስ አረንጓዴ ነው ብሎ ለአንድ የወሊሶ ነጋዴ ጫነለት። ነጋዴው ዕቃውን ይዞ ሲመለስ ሰአዳ ሰውዬውን ቀለም አታውቅም ብላ አሳፍራ ሸኘችው፤ ባሏን ግን በነጋታው ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ልጃቸውን የምታክል ሴት ናት። በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን እንደጎዳው፣ የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውንም መድኃኒቱ ያዘገየው እንደሆነ እንጂ ጨርሶ እንደማያስቀረው ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ባህረዲን እስከ መቼ ብሎ ጠየቃት። ጥቢውን እንኳ ያዩበታል፣ ከዚያ ወዲያ ላለው ግን ቃል መግባት አልችልም አለችው። ሰአዳ ሐኪሟንም ናቀቻት። ለዕቃው ዋስ የማይሆን ነጋዴ ምኑን ነጋዴ ነው በሚል ዓይን ከእግር እስከ ራሷ አይታት ወጣች።

 እራት ላይ ባህረዲን ለልጁ ለሀፍሷ አንድ ጥያቄ አቀረበላት። ከጉለሌ በላይ ዳገቱ ላይ መዝናኛ ፓርክ ተከፍቷል፤ የዚያ ፓርክ ትልቁ ሽክርክሪት ጫፍ ላይ ሲወጡ መርካቶ ይታያል ወይ? ሀፍሷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር ወጥታበት ታውቃለች። አየሩ ከጠራ እስከ አብነት ሰፈር ድረስ ቁልጭ ብሎ ይታያል አለችው። ያኔ ባህረዲን ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ ከስልጤ በልጅነቱ መጥቶ አርባ ዓመት የኖረባትን መርካቶ፣ መጀመሪያ ተሸክሞባት፣ ኋላ ጨርቅ በትከሻው አዙሮባት፣ ኋላም ሱቅ ከፍቶባት፣ አንድም ቀን ከላይ አይቷት እንደማያውቅ ነገራቸው። ያየው የሰው ጀርባና የዕቃ ጎን ብቻ ነው።

«አንድ ጊዜ ሙሉዋን ልያት» አለ። «ከዚያ ይጨልም፣ አላህ ያለው ይሁን።»

ሰአዳ ሳህኑን መልሳ ወደ እሱ ገፋችው።

«ትሄዳለህ» አለችው። «ቀኑን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ።»

መዝናኛ ፓርኩን ሳታየው ነው የናቀችው። ጎልማሳ ሰው ብረት ላይ ተሰቅሎ እሪ የሚልበት ቦታ አድርጋ ነው የምታስበው። ለመፍራት ትኬት የሚቆርጥ ሰው እጅግ ይገርማታል፤ ሰባተኛ መጥቶ ስልኩን በእጁ ይዞ ቢሄድ በነፃ ይፈራ የለም ወይ ትላለች። ሀፍሷ ስልኳ ላይ ፈልጋ፣ የሚሻለው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስቀል ማግስት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ ያውም በጠዋት እንደሆነ ብታነብላት፣ ስልክሽ ብርድ ልብስ ሸጦ ያውቃል ወይ ብላ አፏን አስያዘቻት። ሰው ሁሉ ይሻላል ያለው ቀን በሰአዳ ሂሳብ የከሰረ ቀን ነው። ወረፋ አለው፤ ግፊያ አለው፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ደግሞ በግፊያ መሀል አይገባም።

መስከረም ገባ። ለመስቀል አገሩ የሚገባው ሁሉ ለእናቱ ብርድ ልብስ ሳይዝ አይሄድምና ሱቁ መተንፈሻ አጣ። ከዚያ መስቀል ደረሰ፤ አገር ቤት የሚገባው ገብቶ መርካቶ ጭር አለች። ሀፍሷ አሁንስ ብላ ስትጠይቃት፣ በዓል ነው፣ የከተማው ሥራ ፈት ሁሉ የሚሰለፈው እዚያ ነው አለቻት። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ታጥቦ የወጣ ብርጭቆ መሰለ። ግን ጥቅምት የብርድ ልብስ ወር ነው፤ ሰው አንድ አጥንት እንኳ የሚመኝበት ብርድ መጥቶ እያለ ሱቅ ጥሎ ሽክርክሪት የሚወጣ ነጋዴ ከታየ፣ ሰአዳ ራሷ ቀድማ ትስቅበት ነበር። ሀፍሷ አባቷን እሑድ ራሷ ልትወስደው ተነሳች። እሱ ግን እምቢ አለ።

«እናትሽ ቀን እየመረጠች ነው» አላት፣ ፊቱን ወደ ሰማዩ እንዳዞረ።

ሱቁ በር ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ብርድ ልብሱን በቀለሙ ሳይሆን በጣቱ መለየት ጀመረ። ከዚያ ሻዩን ራሱ መቅዳት ተወ። ሰአዳ ይህን ሁሉ አይታለች፤ ያላየች መስላ፣ ሻዩን እየቀዳች፣ እጅህ እንዴት ሰነፈ ትለዋለች።

ህዳር ሲገባ ቀኑ ተገኘ። ፊት ለፊቷ አንሶላ የምትሸጠው እታገኝ ለህዳር ሚካኤል ሱቋን እንደምትዘጋ ስትነግራት፣ የሰአዳ ዓይን በራ። እንደ እታገኝ ያለው ክርስቲያን ሁሉ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከዚያም ቤቱ ገብቶ ድግስ ይበላል። ገበያ የለም፤ መንገድ የለም፤ ሽክርክሪት ላይ የሚሰለፍም የለም። ብርድ ልብስ በፀሐይ ማለት ይህ ነው። እታገኝ ግን ቀኑን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ ሰአዳ፣ ህዳር ሲታጠን እኮ ነው። አገሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ምን ሊያዩ ነው?»

«አሁን ማን ያጥናል?» አለቻት ሰአዳ። «ደንብ አስከባሪው የሚቀጣበትን ነገር። ያ የድሮ ሰው ነው። አንቺ አንሶላሽን እጠፊ።»

ቀኑ ደረሰ። ባህረዲን የዒድ ጀለቢያውን ለበሰ፣ ጫማውን አስጠረገ። ፓርኩ ቀትር ላይ ሲደርሱ፣ ሰአዳ እንዳለችው፣ ወና ነበር። የቀለም ፈረሶቹ ቆመዋል፤ ፈንዲሻ ሻጯ ተኝታለች። ሰአዳ ሀፍሷን ዞር ብላ አየቻት፤ ማየቷ ይበቃ ነበር። ሽክርክሪቱ ሥር ግን ሙናዊር የሚባል ቀጭን ጎረምሳ፣ ማሽኑን የሚያዞረው እሱ ነው፣ ሰንሰለቱ ላይ ተደግፎ ስልኩን እየነካካ ነበር። ትኬታቸውን አየና ወደ ሲሚንቶው ወንበር አመለከታቸው።

«ቁጭ በሉ፣ ማዘር። ሰው ሲሞላ ይነሳል።»

«ሰው ሲሞላ?» አለች ሰአዳ። «ታክሲ ነው እንዴ? ከላይ ሆኖ ሂሳብ የሚሰበስብ ወያላም አለው?»

ለሦስት ሰው ማሽን አይነሳም፤ ክብደቱም ይዛባል፤ አለቃዬም ይቆጣል አላት ሙናዊር፣ ከስልኩ ቀና ሳይል። ሰአዳ አለቃውን ናቀች፣ ማሽኑን ናቀች፣ ሰው ባለመምጣቱ ደግሞ የከተማውን ሕዝብ በጅምላ ናቀች። ሰው የሌለበትን ቀን ስትመርጥ፣ ሰው ከሌለ የማይንቀሳቀስ ነገር በዓለም ላይ ይኖራል ብላ አላሰበችም። ተቀመጡ። ባህረዲን ምርኩዙን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ ፊቱን ወደ መርካቶ አደረገ። የዙህር ሰዓት አለፈ። የአስርን ሶላት እዚያው ሰገዱ። ሰአዳ በዚህ መሀል ከታች ከሰፈሮቹ አንድ ቀጭን ጭስ ሲነሳ አየች፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ። አንገቷን ወደ ፈረሶቹ አዞረች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተማሪዎች እየተሳሳቁ መጡና ሽክርክሪቱ ሞላ። ሰአዳ ባሏን ለብቻው አልሰቅልም ብላ አብራው ገባች፤ ሀፍሷ ከኋላቸው ባለው ወንበር ተቀመጠች። ብረቱ ገና አንድ ጊዜ ሲንቋቋ ሰአዳ ቢስሚላህ ብላ የባሏን ክንድ ጨመደደችና ዓይኗን ጨፈነች። ከታች የተማሪዎቹ ጩኸት ራቀ፤ ነፋስ መጣ፤ አፍንጫዋን የተቃጠለ ቅጠልና ፕላስቲክ ሸተታት። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ማሽኑ ለአፍታ ቆመ።

ባህረዲን በነፃ እጁ ዓይኑን አሸ።

«ሰአዳ» አላት፤ ድምፁ ወረደ። «ነጭ ነው። ሁሉም ነጭ ነው። የኔ ዓይን ነው?»

ዓይኗን ገለጠች። ከተማ የለም። ከእግራቸው ሥር ጀምሮ እስከ ሰማይ ጥግ ያልተበጠረ ጥጥ የመሰለ ጭስ ተዘርግቷል። ውስጥ ውስጡን እሳቶች ያብለጨልጫሉ። መርካቶ ትሁን ጉለሌ ትሁን መልአክ ወርዶ ቢጠየቅ አይለያትም። ሰአዳ ስትገበያይ በኖረችበት ዘመን ሁሉ፣ የከሰረ ዕቃ ሲገጥማት ጥፋቱ የላኪው፣ የመኪናው፣ የጉምሩኩ ነበር። አሁንም የሚወቀስ ፈለገች፤ ሙናዊርም አለ፣ እታገኝም አለች። ባሏ ግን ፊቱን ወደሷ አዙሮ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም አንድ ቃል ነው።

«ዓይንህ አይደለም» አለችው። «ጭሱ ነው። ለኔም አይታየኝም። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

ባህረዲን እፎይ ብሎ ሳቀ። ሲወርዱ ሁሉ ሳቀ። ሀፍሷ ምን እንዳየ ስትጠይቀው፣ ምንም፣ አልሀምዱሊላህ፣ እናትሽም ምንም አላየችም አላት። ሰአዳ ግን እስከ ቤት ድረስ አንድም ሰው አልናቀችም፤ ሀፍሷ አመማት ወይ ብላ ሰጋች።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሰአዳ ማልዳ ተነሳች። ቅዳሜ መርካቶ የምትፈላበት ቀን ነው፤ በዚያ ላይ የብርድ ልብስ ወቅት ነው፤ በዚያ ላይ ከጂማ ትልቅ ደንበኛ ሊመጣ ቃል ገብቷል። ሱቋ በቅዳሜ ተዘግቶ ያዩ ጎረቤቶች ማን ሞተ ብለው ተጠያየቁ። እታገኝም ደወለችላት። ማንም አልሞተም፤ ሽክርክሪት ልወጣ ነው አለቻትና ዘጋችባት።

ፓርኩ ጢም ብሎ ነበር። ወረፋው በሩን አልፎ አስፋልቱ ላይ ወጥቷል። ሰአዳ እንደልማዷ ሆነች፤ ከፊቷ ያለውን ጎረምሳ በፀጉሩ፣ ከኋላዋ ያለችውን ሴት በፈንዲሻዋ፣ ሙናዊርንም በተፈጥሮው ናቀች። ሰው ገፋት፤ ገፋችው። ባሏን የነካ ሁሉ ግን ከእሷ ክርን ጋር ተዋወቀ። ሙናዊር ሲያያት ፈገግ አለ።

«ማዘር፣ ዛሬ ሞልቷል።»

«እናትህ ሌላ ናት» አለችው። «አንሳው።»

ብረቱ ተንቋቋ። ሰአዳ ቢስሚላህ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። የባሏን ክንድ ግን አልለቀቀችም። ወደ ላይ ሲወጡ ፀሐዩ ፊቷን ሲነካት ተሰማት፤ አየሩ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ አለው። ጫፍ ላይ ቆሙ።  ባህረዲን አንገቱን ቀስ ብሎ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያዞር በያዘችው ክንድ ተሰማትና፣ የቀረችውን ጠባብ ብርሃን እንደ ባትሪ እያዞረ እንደሆነ ገባት።

«ይቺ ናት?» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ውስጥ ከሷ የተማረው የሚመስል ንቀት ነበረበት። «አርባ ዓመት የተጋፋሁባት ይቺ ናት? በአንድ ብርድ ልብስ ትሸፈናለች እኮ።»

«እኔን አታናግረኝ። አንተ ብቻ እይ።»

«እያየሁ ነው።» አንገቱን ወደ ታች ሰገግ አደረገ። «የሀፍሷ እናት።»

«ምን?»

«ሱቁን ቆልፈሽዋል? በሩ ገርበብ ያለ መሰለኝ።»

ከጉለሌ ዳገት ላይ ሆኖ የሰባተኛን የሱቅ በር ንስር እንኳ አይለየውም። ባህረዲን ደግሞ ፊቱ ያለውን ሻይ የማይቀዳ ሰው ነው። ሰአዳ ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች፤ ቁልፉም ጡቷ ሥር ተቋጥሮ አለ። ዓይኗን ግን ገለጠች።