የሠላሳ ሁለቷ ኳርተር

ባሌ ወንድይራድ ስልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሃያ ዓመት ካሸር ሆኖ ሠርቷል። ያኔ ሰው በሳንቲም ይከፍል ስለነበር አልፎ አልፎ ከብር የተሠራች አሮጌ ኳርተር፣ ማለትም የሃያ አምስት ሳንቲም፣ እጁ ትገባለች። ከኪሱ ሌላ ኳርተር ይተካና እሷን ያስቀራታል። እንዲህ እያለ አንድ የሳንቲም ማስቀመጫ አልበም ሞላ። የቀረችው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ዴንቨር ከተማ ለተሠራችው፣ እምብዛም ለማትገኘው።

ከዚያ ካርድ የሚቀበል ማሽን መጣና ሳንቲሙም ሥራውም ቀረ። አሁን አሮጌ ሳንቲም የሚገኘው ሱቅ ነው፤ ሱቅ ደግሞ ዋጋውን ያውቃል።

ቅርባችን ባለችው አሌክሳንድሪያ አንድ የአሮጌ ሳንቲም ነጋዴ ዘንድ አገኛት። መቶ ሃያ ዶላር። ወንድይራድ ሰባ አለ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ባሌ መርካቶ እንዳለ ሁሉ "እንግዲያው ይቅርብኝ!" ብሎ ወጣ፤ በሩ ላይም ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ እስኪጠሩት ጠበቀ። ማንም አልጠራውም።

በወሩ ስንመለስ የብር ማዕድን ተወዷል ተብሎ መቶ አርባ ገባች። ወጣ። በሚቀጥለው መቶ ስልሳ አምስት። አሁንም ወጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሞል ውስጥ ካልሲ ስትገዛ ትከራከራለህ እንዴ?" አልኩት መኪና ውስጥ።

"ካልሲ ሌላ፣ ይሄ ሌላ! አሮጌ ዕቃ ላይ ፊክስድ ፕራይስ የለም። ይጠራኛል፣ ታገሺ።"

አናዶኛል። ግን ያቺን ባዶ ቀዳዳ በጣቱ ሲዳብስ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ጡረታው ባለበት ቆሞ ዋጋዋ ይሮጣል።

በአራተኛው ሰውዬው መቶ ሰማንያ ሲል ወንድይራድ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። እኔ ቦርሳዬን የምበረብር መስዬ ቀረሁና በካርዴ ከፈልኩ።

"ይቅርታ፣" አለኝ ነጋዴው፣ "የባለቤትዎ ጫማ ሁልጊዜ እዚህ በር ላይ የሚፈታው ለምንድን ነው?"

ውጭ ባሌ እንዳጎነበሰ ነበር። "ጠራሽ አይደል?"

"ጠራኝ። በሰባ ሰጠኝ።"

ቀና አለ። "አላልኩሽም! ዋናው አወጣጡ ነው!" ሳንቲሟን መዳፉ ላይ ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ። መዋሸቴ ደስ አለኝ።

ቤት ገብተን ኳርተሯን ቦታዋ ላይ ካስቀመጣት በኋላ ሌላ አልበም ከመሳቢያ አወጣ።

"በዚህ ዋጋማ ዳይሞቹንም፣ አሥር ሳንቲሞቹን፣ እንጨርሳቸዋለን፤ አሥራ አንድ ብቻ ነው የሚጎድለኝ። ቅዳሜ እንሂድ። እኔ እወጣለሁ፣ አንቺ እንዲጠራሽ ወደ ኋላ ቅሪ።"