ግራፉን የሚሥለው ኮድ

«እማዬ፣ ግራፉን የሚሥለው ኮድ መስኮቱንም ራሱ ይክፈት ወይስ ይከፈትለት?» አለችኝ ልጄ ሠርክአዲስ። መስኮት የምትለው ኮምፒዩተሩ ላይ የሚከፈተውን ሳጥን ነው።

የምንኖረው ማንኩሳ ነው። ለመስኖ ማኅበራችን የቦዩን ውሃ ከፍታ በመስመር የሚያሳይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም እየሠራች ነበር። ሊቀ መንበሩ ከወደዱት ትቀጠራለች፤ ካልሆነ አዲስ አበባ ትሄዳለች። እንዳትሄድብኝ ለሚካኤል ተስያለሁ።

የምሞክርላት እኔ ነኝ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ዓመቴ ስለሆነ ቁልፉ ላይ «አሳይ» የሚለውን አነባለሁ። ስጫነው ግራፉ በሌላ መስኮት ዘሎ ይወጣል፤ ዋናው ፕሮግራም ደርቆ ይቀራል። ግራፉን ስዘጋው ሁሉም ይጠፋል።

«ሰበርኩት?» አልኳት።

«አልሰበርሽውም። የሚሥለው ኮድ ራሱ መስኮት ከፍቶ፣ እስኪዘጋ ድረስ ሌላውን ያስጠብቃል።»

«ማን ፈቀደለት?»

«እኔ ነኛ።»

«እኛ ዘንድ ቦዩን የሚከፍተው የውሃ አባት ነው። ተረኛው የመጣለትን ወደ ማሳው ይቀበላል እንጂ በሩን አይነካም። አምና ጎረቤታችን ስመኘው የቦዩን በር ራሱ ከፍቶ የታቹን ሰው ሽንኩርት አደረቀ።»

ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች። ከዚያ የሚሥለው ኮድ ውስጥ «መስኮት ክፈት» እና «አሳይ» የሚሉትን ትእዛዞች አጠፋች። መስኮቱን ፕሮግራሙ ይከፍታል፤ ለግራፉ ቦታ ይሰጠዋል፤ የሚሥለው ኮድ እዚያው ሥሎ ይመለሳል። አርባ ጊዜ ተጫንኩት። አልደረቀም።

ሰኞ ማኅበሩ ቢሮ ሄድን። ሊቀ መንበሩ ጋሽ አለበል መነጽራቸውን አደረጉ። ጸሐፊው ናሁሰናይ ቁልፉን ተጫነ፤ ግራፉ እዚያው ወጣ። የሁለተኛውን ቦይ ግራፍም ማንንም ሳይጠይቅ አወጣ።

«ይኸማ ለኔም ቀለለኝ!» አለ።

«ልጄ፣ አንቺ በሌለሽበት ቢበላሽስ?» አሏት ጋሽ አለበል።

በጎኗ ጎሸም አደረግኳት። አልገባትም።

«አይበላሽም፣ ጋሼ። የሚሥለው ክፍል ሌላውን አይነካም። ናሁሰናይ ብቻውን ይወጣዋል» አለች፤ ደስ ብሏት።

«ተባረኪ። እንግዲያ ሌላ ሰው መቅጠር አያስፈልገንም» አሉ ጋሽ አለበል። ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሰው ሲያጨበጭብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነውር ነው።

ሐሙስ ሠርክአዲስ አዲስ አበባ ሄደች። ናሁሰናይ ቀረ።