የወገብ ቋጠሮ

ጫላ ገመድ ሲያይ እግሩ አይንቀሳቀስም። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ በሰው አገር፣ ሀራሙስ በሚባል የሀብታሞች ሰፈር ባለ አንድ ግቢ ውስጥ እሱ ዘበኛ፣ እኔ አልጋነሽ ወጥ ሠሪ ሆነን ዓመታት ኖረናል፤ ያላየሁበት ጠባይ የለም። ዓርብ ዕረፍታችን ሲሆን ሌላው ሰው ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል፣ እሱ ካርቲየ 6 የሚባል ሰፈር ካለው የማይሙና ሱቅ ገብቶ ገመድ ሲዳብስ ይውላል። ማይሙና የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ሰው ታውቃለች። እሷ እንኳ አንድ ቀን ጠርታ ይህ ሰውዬ ገመድ ነው የሚገዛው ወይስ ሚስት ነው የሚመርጠው ብላ ጠይቃኛለች።

ያደገው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ ነው። መረብ ሲጠግንና ታንኳ ሲያስር የኖረ እጅ እዚህም አላርፍ አለ። የጣሪያው የውሃ ታንከር ክዳን በነፋስ እንዳይሄድ ያሰረው እሱ ነው። እጀታው የተሰበረ ጀሪካን አንገቱ ላይ ገመድ ጣል አድርጎበት ሙሉ ውሃ ይዞ ይወጣል። አንድ ጊዜ ፍራሽ ታክሲ ላይ ጭኖ ሲያስር ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ ቆሞ አየው። እኔም አያለሁ፣ ግን ምላሴ ረጅም ስለሆነ ሳልሰድበው አላልፍም።

ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ የሚነፍስበት ሰሞን ነው፣ ጫላ በሌለበት የልብስ ማስጫው ገመድ ተበጥሶ አገኘሁትና ራሴው ቀጠልኩት። ቋጠሮዬ ተፈታና የአሠሪያችን የማዳም አንሶላ በሙሉ አሸዋ ላይ ተነጠፈ። ጫላ መጥቶ የቀጠልኩትን አየ፣ አልሳቀም። መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ፣ ቀጥሎ ግራውን በቀኙ ላይ ነው አለኝ፤ ሁለቴ በአንድ በኩል ካደረግሽው ይንሸራተታል። ከዚያ ያሰረውን አሳየኝና መልሶ በሁለት ጣቱ ፈታው። እሱ ዘንድ ቋጠሮ የሚመዘነው ሲፈታ ነው። በጥርስ ወይም በቢላ የሚፈታ ቋጠሮ ካየ ቀኑን ሙሉ ፊቱ አይፈታም።

ከሁሉ የሚወዳት ደግሞ አንዲት አለች፣ የወገብ ቋጠሮ ይላታል። ሐይቁ ሲናወጥ ዓሣ አጥማጆቹ ወገባቸው ላይ የሚያስሯት ናት። ሰው ቢንጠለጠልባት እንኳ አትጠብቅም፣ አትላላምም። ይህችን ካልተማርሽ ብሎ ድርቅ አለብኝ። ሽንኩርት ስከትፍ ገመድ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። «ቀለበት ሥሪ፣ ከሥር አውጪው፣ ከጀርባ አዙሪው፣ በመጣበት መልሺው።» እኔም ዜማ አወጣሁለትና እየዘፈንኩ አላግጥበት ጀመር። ለማሾፍ ስል ስንቴ እንዳሰርኳት አላውቅም፤ እጄ ግን ለመዳት።

ሐምሌ ገባ፣ ማዳም ለዕረፍት አገሯ ሄደች። ስትሄድ ሲተርኑ እንዲጸዳ አዝዛለች፤ ሲተርን የምንለው ከመሬት ሥር የተሠራውን የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። አፉ ጠባብ ስለሆነ የምገባው እኔ ነኝ። ጃቬል የሚሉትን በረኪናና ቡርሽ ይዤ በመሰላል ወረድኩ። ግድግዳው ላይ የደረቀው ቡኒ ነገር በጃቬል ብቻ አልለቅ ሲለኝ ተናደድኩ፤ የእኔን ንዴት መቼም ታውቁታላችሁ። ወጥቼ የሽንት ቤቱን አሲድ አመጣሁና ተመልሼ ወርጄ እላዩ ላይ ደፋሁት።

አሲዱ ከጃቬሉ ጋር ሲገናኝ የወጣው ጭስ ጉሮሮዬን አነቀኝ። ዓይኔ በእንባ ተሞላ። መሰላሉን ጨብጬ ሁለት እርከን እንደ ወጣሁ ጉልበቴ ከዳኝ፤ እኔም መሰላሉም አብረን ወደቅን። ጫላ ብዬ ጮህኩ መሰለኝ።

ከላይ ሁለት ራስ ብቅ አለ፣ ጫላና የጎረቤት ዘበኛው ሙሚን። ሙሚን ደግ ሰው ነው፣ ዘሎ ሊገባ ሲል ጫላ በሸሚዙ ያዘውና ከገባህ አንተም እዚያው ትቀራለህ አለው። ሙሚን ያን ጊዜ የጫላን ገመድ አንሥቶ ፍየሎቹን የሚይዝበትን ሸምቀቆ ሠራና ወረወረልኝ። እጄን ዘርግቼ ልይዘው ስል ጫላ ገመዱን መንጭቆ አወጣው። ሊተወኝ ነው ብዬ አሰብኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ነገሩን በኋላ ነው የነገረኝ። ሸምቀቆው ሲስቡኝ ደረቴን ያንቀው ነበር። ሰፊ ቀለበት ከላይ ሠርቶ ቢጥልልኝ ደግሞ ራሴን ስስት እጄ ተነሥቶ እሾልክ ነበር። ገመዱ በገላዬ ልክ መታሰር ነበረበት፤ እታች ያለሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ያልታሰረው የገመድ ጫፍ ፊቴን ነካኝ።

«አልጌ፣ የወገቡን» አለኝ። «ከብብትሽ ሥር አድርጊና አንቺው እሰሪው።»

በዚህ ሰዓት ትምህርት ብዬ ረገምኩት። ዓይኔ አያይም፣ የቱ ቀኝ የቱ ግራ እንደሆነ ጠፋኝ። ያን ጊዜ ጫላ ዘፈነ። እኔ ያላገጥኩበትን ዜማ፣ ያንኑ የሽንኩርቱን፣ በዚያ ሻካራ ድምፁ። ቀለበት ሥሪ፣ ከሥር አውጪው። እጄ ዜማውን ስትሰማ ራሷ ሄደች። ከጀርባ አዙሪው፣ በመጣበት መልሺው። ጎተት አድርጌ ሳየው ያዘ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው እግሬ እታች የቀረውን ውሃ ሲለቅ ብቻ ነው።

ስነቃ ግቢው አሸዋ ላይ ነኝ፣ ሙሚን ውሃ ፊቴ ላይ ያፈሳል። አየሩ ጣፈጠኝ፤ ያ የሚያቃጥል የሐምሌ አየር! ገመዱ ደረቴ ላይ አለ፣ አልጠበቀም፣ አልላላም፣ እንዳሰርኩት ነው። ጫላ ተንበርክኮ ሊፈታልኝ ሞከረ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ገመዱን በነካው ቁጥር ያመልጠዋል። ያ በጨለማ መረብ የሚጠግን ሰው፣ የሕፃን ልጅ ጫማ እንኳ የሚፈታ አይመስልም ነበር። እንባው አፍንጫው ላይ ወርዶ ሲንጠባጠብ አየሁ። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን አስጠጋ። ጫላ፣ በጥርሱ!

አንጀቴን በላው። ስንት ዓመት በስድብ ስሸፍነው የኖርኩትን ነገር ሁሉ ከዚያ በላይ መሸፈን አቃተኝ።

«ተው» አልኩት፤ ድምፄ ገና አልጠራም። «እኔ እችልበታለሁ።»

በአውራ ጣቴ የቋጠሮዋን ጀርባ ገፋ አደረግኩ፣ ወዲያው ተፈታች። ገመዱን ወደዚያ ጣልኩና እጁን ያዝኩት፤ መንቀጥቀጡ እስኪተወው ድረስ አልለቀቅኩትም።